ከአዲስ አበባ ወደ ሲሬ፦ የቤተሰብ መኪናን ለረጅም ጉዞ የማዘጋጀት መመሪያ

በዓላት ሲቃረቡ፣ የሠርግ ወራት ሲገቡና ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በርካታ ቤተሰቦች ዘመድ ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ ወደ አርሲ ከፍታዎች ይጓዛሉ። ለገና ወይም ለፋሲካ፣ ለኢድ አልፈጥር ወይም ለአረፋ ወደ ሲሬ፣ ወደ ኢተያ፣ ወደ አሰላና ወደ በቆጂ ከሚሄዱት ተሽከርካሪዎች ብዙዎቹ ዓመቱን ሙሉ ከከተማ ወጥተው የማያውቁ የቤት መኪኖች ናቸው። እነዚህ መኪኖች ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ለማድረስና ወደ ሥራ ለመመላለስ ያገለግላሉ። አጭር መንገድ እየሄዱና በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ እየቆሙ ስለሚውሉ፣ በከተማ ውስጥ ጉዳታቸው የማይታይ የፍሬን፣ የጎማና የማቀዝቀዣ ጉድለቶች ሊኖሩባቸው ይችላል። ጉድለቱ የሚገለጠው አብዛኛውን ጊዜ መኪናው ሞልቶ በተጫነበት፣ ፍጥነቱ በጨመረበትና ዳገት ወይም ቁልቁለት በያዘበት ሰዓት ነው።

ይህ ጽሑፍ የቤተሰብ መኪና ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ እንዴት እንደሚዘጋጅ በቅደም ተከተል ያስረዳል። ምሳሌ የሚሆነው የአዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ዴራ እና ሲሬ መስመር ነው። ሆኖም ከቆላ ወደ ደጋ በሚወጣ ማንኛውም የአገራችን መንገድ ላይ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

የመንገዱ ጠባይ

መኪናን ለጉዞ ማዘጋጀት የሚጀምረው መንገዱን ከማወቅ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በአማካይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ተነሥቶ አዳማ የሚደርስ መኪና ወደ 1,600 እና 1,700 ሜትር ይወርዳል። ከአዳማ በኋላ የአዋሽን ሸለቆ አቋርጦ ዴራ ሲደርስ መንገዱ ይለያል። አንደኛው በኢተያ በኩል ወደ አሰላ ሲያቀና፣ ሌላው ወደ ሲሬ ይሄዳል። ሁለቱም ከስምጥ ሸለቆ ወደ አርሲ ደጋ የሚወጡ ናቸው። አሰላ 2,430 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ ከጀርባዋ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝመው የጭላሎ ተራራ ቆሟል።

ስለዚህ ጉዞው ሦስት የተለያዩ ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው በአገራችን የመጀመሪያ በሆነው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ የሚደረግ ፈጣንና ተከታታይ ሩጫ ነው። ሁለተኛው በሞቃታማው ቆላ የሚደረግ ጉዞ ነው። ሦስተኛው ወደ ደጋው የሚያደርሰው አቀበት ሲሆን፣ በመልስ ጉዞ ይኸው አቀበት ቁልቁለት ይሆናል። የፍጥነት መንገዱ ጎማን፣ ሙቀቱና አቀበቱ የማቀዝቀዣ ሥርዓትን፣ ቁልቁለቱ ደግሞ ፍሬንን ይፈትናሉ። የቅድመ ጉዞ ምርመራውም በዋናነት በእነዚህ ሦስት ነገሮች ላይ ያተኩራል።

ከሁለት ሳምንት በፊት፦ በጋራዥ የሚከናወኑ ሥራዎች

ምርመራ ከጉዞው ዋዜማ ይልቅ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ቢደረግ ይመረጣል። ምክንያቱም ጉድለት ቢገኝ መለዋወጫ ለመፈለግና ሥራውን ጨርሶ መኪናውን በከተማ ውስጥ ለመሞከር ጊዜ ይኖራል። በዋዜማው ምሽት የተገጠመ የፍሬን ሸራ ወይም የተቀየረ ቺንጋ የመጀመሪያ ፈተናው በፍጥነት መንገድ ላይ መሆን አይገባውም።

ፍሬን። አንድ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ በፍሬን ላይ የሚያርፈው ጫና ምን ያህል እንደሆነ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ከነተሳፋሪዎቹ 1,400 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 800 ሜትር ከፍታ ሲወርድ ወደ 11 ሚሊዮን ጁል የሚደርስ ኃይል ይለቃል። ይህ ከ30 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ከዚህ ኃይል ከፊሉን አየርና የጎማ ሰበቃ ይወስዱታል፤ ከፊሉን አሽከርካሪው ዝቅተኛ ማርሽ በማስገባት በሞተሩ ላይ ማሳረፍ ይችላል። ይህ ካልሆነ ቀሪው በሙሉ በፍሬን ዲስክና በሸራ ላይ ያርፋል።

በዚህ ምክንያት የፍሬን ሸራ ውፍረት፣ የዲስኩ ወይም የታምቡሩ ሁኔታ እንዲሁም የቱቦዎቹ ጤንነት መታየት አለባቸው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ የፍሬን ዘይት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የተባለው ዓይነት አዲስ ሳለ የመፍያ ነጥቡ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ ወደ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በዶት 3 ደግሞ ቁጥሩ ከ205 ወደ 140 ይወርዳል። ዘይቱ በቁልቁለት ላይ ከፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ስለሚጨመቅም ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ከሁለት ዓመት በላይ ያልተቀየረ የፍሬን ዘይት ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት። የጎደለውን መሙላት ብቻውን በቂ አይደለም።

የማቀዝቀዣ ሥርዓት። ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ሲሆን፣ በአሰላ ከፍታ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የብዙ መኪኖች ሞተር በመደበኛ ሥራው ወደ 90 ዲግሪ ስለሚሞቅ፣ በደጋ ላይ በሙቀቱና በመፍላቱ መካከል የሚቀረው ልዩነት እጅግ ጠባብ ነው። ይህን ልዩነት የሚያሰፉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው በተገቢው መጠን ከንጹሕ ውሃ ጋር የተቀላቀለ የራዲያተር ፈሳሽ ሲሆን፣ ሁለተኛው ግፊቱን አፍኖ የሚይዘው የራዲያተር ክዳን ነው። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ግፊቱ ያመልጣል፤ የቧንቧ ውሃ ብቻ በሚሞላበት ራዲያተር ውስጥ ደግሞ ዝገትና ዝቃጭ ይጠራቀማል። ክዳኑን መቀየር ቀላል ወጪ ነው። በአንጻሩ በሙቀት የተጣመመ ቴስታ የሚያስከትለው ወጪ ከጉዞው አጠቃላይ ወጪ ሊበልጥ ይችላል።

ከዚህ ጋር የውሃ ቱቦዎች በእጅ ተጨምቀው መፈተሽ አለባቸው። የተሰነጠቀ፣ እንደ ሊጥ የለሰለሰ ወይም ያበጠ ቱቦ ይቀየራል። የውሃ ፖምፓ እንዳያንጠባጥብ፣ ቬንትሌተሩ በወቅቱ እንዲነሣና ቺንጋው ያልተሰነጠቀ እንዲሆን ማረጋገጥም ያስፈልጋል።

የሞተር ዘይትና አየር። በ2,400 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ተርቦ የሌለው አነስተኛ ሞተር በዚሁ ልክ ጉልበቱ ይቀንሳል። ቪትዝን ወይም ኮሮላን የመሰሉ መኪኖች አምስት ሰው ከነዕቃው ጭነው አቀበት ሲወጡ የሚደክሙት በዚህ ምክንያት ነው። በአቧራ የተደፈነ የአየር ፊልትሮና ያረጀ ካንዴላ ድካሙን ያባብሱታል። የሞተር ዘይት የመቀየሪያ ጊዜው በጉዞው መካከል የሚደርስ ከሆነ ከጉዞው በፊት እንዲቀየር ይመከራል።

ባትሪ፣ መብራትና የዝናብ መጥረጊያ። በአርሲ ደጋ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ በከተማ በችግር የሚነሣ ደካማ ባትሪ በደጋው ንጋት ላይ ጨርሶ እምቢ ሊል ይችላል። የፊትና የኋላ መብራት፣ ፍሬቻና የፍሬን መብራት አንድ ሰው ውጭ ቆሞ እያየ አንድ በአንድ ይሞከራሉ። በክረምት ወራትና ጉም በሚበዛባቸው ማለዳዎች የዝናብ መጥረጊያው ላስቲክ ያልደረቀ፣ የመስታወት ማጠቢያ ውሃውም የተሞላ ሊሆን ይገባል።

ጎማ

በፍጥነት መንገድ ላይ የጎማ መፈንዳት ከሚያስከትሏቸው ምክንያቶች ዋነኞቹ ሦስት ናቸው፤ እነሱም የጎደለ አየር፣ ከልክ ያለፈ ጭነትና የጎማ እርጅና ናቸው። አየር የጎደለው ጎማ ሲሽከረከር ጎኑ ደጋግሞ ይታጠፋል፤ በመታጠፉም ይሞቃል። በከተማ ውስጥ ይህ ሙቀት በየመብራቱ ማቆሚያ ላይ ይቀንሳል። በፍጥነት መንገድ ላይ ግን ያለ ዕረፍት ይጠራቀማል።

ትክክለኛው የአየር መጠን በሾፌሩ በር ፍሬም ላይ ወይም በነዳጅ ክዳኑ ውስጥ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ይገኛል። ሰሌዳው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መጠን ይሰጣል፤ አንዱ ለቀላል ጭነት ሲሆን ሌላው ለሙሉ ጭነት ነው። ለቤተሰብ ጉዞ የሚያገለግለው ሁለተኛው ነው። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ጎማው ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛ መጠን እንጂ ለመኪናው የተመደበው ልክ አይደለም።

አየር የሚለካው ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ ማለትም ከጉዞ በፊት ነው። ጎማው በ10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ግፊቱ በ1.5 ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል። ከአዳማ ወደ አሰላ ከፍታ ሲወጣም የውጭው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው ሌላ 1 ፒኤስአይ ያህል ጨምሮ ያሳያል። ይህ ጭማሪ የሚጠበቅ ነው። በመንገድ ላይ ለክቶ «ከመጠን በላይ ሆኗል» በማለት ከሞቀ ጎማ ላይ አየር ማስተንፈስ ስሕተት ነው፤ ጎማው ሲቀዘቅዝ ከልኩ በታች ይወርዳልና።

የጎማ ዕድሜ በጎኑ ላይ ከታተሙት የመጨረሻ አራት አኃዞች ይታወቃል። ለምሳሌ 2319 የሚል ከሆነ ጎማው የተመረተው በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው። ጥርሱ ያልተበላ ቢሆንም ከስድስት ዓመት በላይ የሆነው ጎማ በባለሙያ መታየት አለበት፤ አሥር ዓመት የሞላው ደግሞ ለረጅም ጉዞ አይውልም። የጥርሱ ጥልቀት ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ በእርጥብ አስፋልት ላይ ውሃውን መቁረጥ ይሳነዋል። በጎኑ ላይ እብጠት ወይም ስንጥቅ የታየበት ጎማ በጎሚስታ አይጠገንም፤ ይቀየራል።

ስኮርታ ጎማው እንደ ሌሎቹ ሁሉ መለካት አለበት። ዓመት ሙሉ ከዕቃ ሥር ተረስቶ የቆየ ስኮርታ በሚፈለግበት ሰዓት አየር አልባ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። ክሪኩ የሚሠራ መሆኑንና የጎማ መፍቻ ቁልፉ በብሎኑ ልክ መሆኑን በቤት ግቢ ውስጥ አንድ ጊዜ መሞከር ይበጃል።

ጭነት፦ በመሄጃና በመመለሻ

አነስተኛ የቤት መኪና ተሳፋሪውን ጨምሮ እንዲሸከም የሚፈቀድለት ክብደት አብዛኛውን ጊዜ ከ400 እስከ 500 ኪሎ ግራም ነው። እያንዳንዳቸው በአማካይ 65 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ አምስት ሰዎች 325 ኪሎ ግራም ይሆናሉ። 425 ኪሎ ግራም ለመሸከም በተፈቀደለት መኪና ላይ ለዕቃ የሚቀረው 100 ኪሎ ግራም ብቻ ነው።

ቤተሰቦች ወደ ሲሬ ሲሄዱ የሚጭኑት በአብዛኛው ልብስና ስጦታ ነው። ሲመለሱ ግን ነገሩ ይለወጣል። አርሲ የስንዴና የገብስ አገር ናት፤ ጤፍም ይመረታል። የዘመድ ምርቃት ብዙ ጊዜ በኩንታል፣ በቅቤና በማር፣ አንዳንዴም በበግ ይታጀባል። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ግራም ነው። በምሳሌው ስሌት መሠረት አንድ ኩንታል ብቻውን ለዕቃ የተተወውን ክብደት ሙሉ በሙሉ ይወስዳል፤ ሁለተኛው ኩንታል መኪናውን ከተፈቀደለት ልክ ያሳልፈዋል። ይህም የሚሆነው መንገዱ ቁልቁለት በሆነበትና ፍሬን እጅግ በሚፈለግበት አቅጣጫ ነው።

ከልክ ያለፈ ጭነት ከኋላ ሲያርፍ የመኪናው አፍንጫ ይነሣል። የፊት ጎማዎች መሬት የመያዝ ኃይላቸው ይቀንሳል፤ መሪው ይቀላል፤ የፊት መብራቱም ወደ ላይ ተነሥቶ ከፊት የሚመጣውን አሽከርካሪ ዓይን ይወጋል። መፍትሔው የዘመድን ስጦታ መመለስ አይደለም፤ ከልክ የሚያልፈውን እህል በሕዝብ ማመላለሻ ወይም በጭነት መኪና ማስላክ ነው። ኩንታል በመኪናው ውስጥ የሚጫን ከሆነ በኋለኛው መቀመጫ ጀርባ ተጠግቶ፣ በወለሉ ላይ ተኝቶና ታስሮ ይቀመጣል። በፖርቶመጋላ ላይ የሚጫነው ቀላል ዕቃ ብቻ ነው። ከላይ የሚጫን ከባድ ዕቃ በኩርባ ላይ መኪናውን ለመገልበጥ ይጋብዛል። እንስሳ ከሰው ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ መጫን አይገባም፤ በመደንገጡ አሽከርካሪውን ሊያውክ ይችላልና።

ሰነድ፣ ነዳጅና ክፍያ

አሽከርካሪው ከመነሣቱ በፊት የሚከተሉት በእጁ መኖራቸውን ያረጋግጣል፦

• የመኪናውን ምድብ የሚመጥንና ጊዜው ያላለፈበት የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ፤
• የተሽከርካሪው ባለቤትነት መታወቂያ ደብተር (ሊብሬ)፤
• የዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ የተደረገበት መሆኑን የሚያሳይ ምልክት (ቦሎ)፤
• በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ለማንኛውም ተሽከርካሪ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ማረጋገጫ።

ዓመታዊ ምርመራ ያለፈ መኪና ሁሉ ለረጅም ጉዞ ዝግጁ ነው ማለት አይደለም። ምርመራው መኪናው በዚያ ቀን የነበረበትን ሁኔታ ያሳያል፤ ከዚያ ወዲህ በተቆጠሩት ወራት የተበላው ሸራና የጎደለው ዘይት በቦሎው ላይ አይጻፉም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ ማደያዎች ክፍያ በዲጂታል መንገድ እንዲፈጸም ተደርጓል። ስለዚህ የአሽከርካሪው የስልክ ባትሪና በቴሌብር ወይም በሌላ ዲጂታል መክፈያ ያለው ሒሳብ የመኪናው ዝግጅት አካል ሆነዋል። በበዓል ሰሞን በማደያዎች ወረፋ ስለሚበዛ ነዳጅ ከዋዜማው በፊት መሙላት ይመረጣል። ከአዲስ አበባ እስከ አሰላ ያለው ርቀት 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቢሆንም አቀበቱና ጭነቱ የነዳጅ ፍጆታን ከፍ ስለሚያደርጉ የከተማውን ፍጆታ ብቻ መነሻ አድርጎ ማስላት አያዋጣም። ነዳጅ በጀሪካን ሞልቶ በተሳፋሪዎች ክፍል ውስጥ መያዝ የእሳትና የመታፈን አደጋ ስላለው ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

የኤሌክትሪክ መኪና ለያዙ ቤተሰቦች

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ በኤሌክትሪክ መኪና ወደ ክልል የሚጓዙ ቤተሰቦች እየበዙ ነው። ለእነዚህ ቤተሰቦች ሦስት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል።

አንደኛ፣ መኪናው በመስኮቱ ላይ የሚያሳየው የቀሪ ርቀት ግምት ቀደም ሲል በተነዳበት ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ነው። በከተማ ቀስ ተብሎ ሲነዳ የተሰጠው ግምት በፍጥነት መንገድና በአቀበት ላይ በፍጥነት ይወርዳል። ኃይል መሙያ የሚገኝበትን ቦታና የሥራ ሰዓቱን አስቀድሞ በስልክ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ በሲሬም ሆነ በሌላ አነስተኛ ከተማ በቤት ውስጥ ሶኬት መሙላት ቢቻልም ጊዜ ይወስዳል። በ2 ኪሎ ዋት የሚሞላ መኪና በአሥር ሰዓት የሚያገኘው ወደ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። የቤቱ የኤሌክትሪክ መስመር ቀጭን ወይም ያረጀ ከሆነ፣ ወይም መስመሩ የተቀጣጠለ ከሆነ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆይ ጭነት እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

ሦስተኛ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ በሞተሩ አማካይነት ፍጥነቱን እየገታ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ይህ ለፍሬኑ ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም ባትሪው መቶ በመቶ ሞልቶ ከደጋው የሚነሣ መኪና የሚመጣውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ ስለዚህ ሥራው ወደ ተራው ፍሬን ይዞራል። ርቀቱ ከፈቀደ ከደጋ ሲወረድ ባትሪውን ከ80 እስከ 90 በመቶ ብቻ ሞልቶ መነሣት ይሻላል።

በመኪናው ውስጥ መኖር ያለባቸው ዕቃዎች

• ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ ቁልፍና አየሩ የተሞላ ስኮርታ፤
• ሁለት አንጸባራቂ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘንና አንጸባራቂ ሰደርያ፤
• የእሳት ማጥፊያና የመጀመሪያ ሕክምና መስጫ ሣጥን፤
• የእጅ ባትሪ፣ የባትሪ ማስነሻ ኬብልና የመጎተቻ ገመድ፤
• ቢያንስ አምስት ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ከመጠጥ ውሃ የተለየ፤
• የሞተር ዘይት አንድ ሊትርና መለዋወጫ ፊውዞች፤
• ለደጋው ብርድ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ፤
• የስልክ ኃይል መሙያ።

ጋቢውን ከጭነት ታች መቅበር አይገባም። መኪናው በሌሊት በደጋው ላይ ቢበላሽ ሕፃናቱ በመጀመሪያ የሚፈልጉት እሱን ነው።

ተሳፋሪዎች

በመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ የመቀመጫ ቀበቶ ማሰር ግዴታ፣ ስልክ በእጅ ይዞ እያነጋገሩ ማሽከርከርም ክልክል ነው። ከጉዞው በፊት የኋለኛው ወንበር ቀበቶዎች ከመቀመጫው ሥር ተፈልገው መውጣትና መሞከር አለባቸው። በብዙ የቤት መኪኖች ውስጥ እነዚህ ቀበቶዎች በወንበር ልብስ ተሸፍነው ለዓመታት ሳይነኩ ይቆያሉ።

ሕፃን በእናቱ ወይም በአያቱ ጭን ላይ ሲቀመጥ የተጠበቀ ይመስላል፤ ነገር ግን መኪናው በድንገት ሲቆም ማንም ሰው በክንዱ ሊይዘው አይችልም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ግጭት አሥር ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን በቅጽበት ብዙ መቶ ኪሎ ግራም የሚያህል ጉልበት ይዞ ወደ ፊት ይወረወራል። የሕፃናት መቀመጫ በኋለኛው ወንበር ላይ ይታሰራል። ከፊት ወንበር ላይ፣ በተለይም የአየር ከረጢት ባለበት፣ ሕፃን አይቀመጥም። በአምስት ሰው መኪና ስድስትና ሰባት ሰው ማሳፈር ቀበቶ የሌለው ሰው እያወቁ እንደመጫን ይቆጠራል።

በመንገድ ላይ

በፍጥነት መንገዱ ላይ በየመስመሩ የተወሰነውን ፍጥነት የሚያመለክቱ ምልክቶች መከበር አለባቸው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስልክ ለማየት የተወሰደ ሦስት ሰከንድ ከ80 ሜትር በላይ በጭፍን የተነዳ መንገድ ነው።

ከአዳማ ወዲያ መንገዱ የብዙዎች የጋራ መጠቀሚያ ነው። ጋሪዎች፣ ፈረሰኞች፣ ከብቶች፣ የተጫኑ አህዮችና ወደ ገበያ የሚሄዱ እግረኞች በአስፋልቱ ላይና ዳር ይገኛሉ። በአሰላና በበቆጂ አካባቢ አትሌቶች በማለዳ በመንገድ ዳር ይለማመዳሉ። በመኸር ወራት ደግሞ የአርሲን የስንዴ ማሳዎች የሚያጭዱ ኮምባይነሮች ከማሳ ወደ ማሳ ሲዘዋወሩ መንገዱን በስፋታቸው ይይዛሉ። ኮምባይነርን በኩርባ ወይም በዳገት አናት ላይ ለመቅደም መሞከር ከፊት የሚመጣውን ሳያዩ መግባት ነው። ማሽኑ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ማሳው ይገባል፤ ከኋላው መታገሥ የሚያስከፍለው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

ጉም ሲያጋጥም አጭር መብራት ይበራል። ረጅም መብራት ከጉሙ ላይ ተንጸባርቆ አሽከርካሪውን መልሶ ያሳውረዋል። በአቀበት ላይ የሙቀት መለኪያው ከተለመደው ቦታ ከፍ ካለ ኤርኮንዲሽነሩ ይጠፋል፤ ካልወረደም አመቺ ቦታ ተፈልጎ ይቆማል። የጋለ ራዲያተር ክዳን በምንም ምክንያት ወዲያውኑ አይከፈትም። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ፣ ከዚያም በወፍራም ጨርቅ ተይዞ ቀስ በቀስ መክፈት ያስፈልጋል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በአንድ ጊዜ ማፍሰስ ሞተሩን ሊሰነጥቅ ይችላል።

የመልስ ጉዞ

ብዙ ቤተሰቦች መኪናቸውን ለመሄጃው አዘጋጅተው ለመመለሻው ይዘነጋሉ። ከላይ እንደተገለጸው ግን አስቸጋሪው መመለሻው ነው። ጭነቱ ከብዷል፣ መንገዱ ቁልቁለት ነው፣ አሽከርካሪው ከግብዣና ከእንቅልፍ ማጣት ደክሟል፤ መነሻውም «ምሳ ሳትበሉማ አትሄዱም» ተብሎ ወደ ማምሻው ይገፋል። ይህን ማስቀረት የሚቻለው የመነሻውን ሰዓት በዋዜማው ለዘመድ በማሳወቅና በማለዳ በመነሣት ነው። አልኮል የቀመሰ ሰው መሪ አይጨብጥም፤ ጠላና ጠጅም በዚሁ ውስጥ ይቆጠራሉ።

ከሲሬ ከመነሣት በፊት በቀዝቃዛው ማለዳ የጎማ አየር፣ የሞተር ዘይት፣ የራዲያተር ውሃና የፍሬን ዘይት እንደገና ይታያሉ። የፍሬን ፔዳል ሞተሩ ተነሥቶ ለብዙ ሰከንዶች ተረግጦ ይያዛል፤ ቀስ እያለ ከሰመጠ መኪናው ሳይጠገን አይነሣም።

ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ዝቅተኛ ማርሽ ይገባል። መመሪያው ቀላል ነው፦ አቀበቱ በወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱም ይወረዳል። አውቶማቲክ መኪና ላይ «2» ወይም «ኤል» የሚለውን ምርጫ፣ በአንዳንድ መኪኖችም «ኤስ» ወይም «ቢ» የተባለውን መጠቀም ይቻላል። ፍሬን ያለማቋረጥ በስሱ ተረግጦ አይያዝም፤ በጽኑ ተረግጦ ፍጥነቱ ሲቀንስ ይለቀቃል፤ እንዲቀዘቅዝም ጊዜ ይሰጠዋል። ነዳጅ ለመቆጠብ በሚል ማርሹን ዜሮ አድርጎ ወይም ሞተር አጥፍቶ መውረድ እጅግ አደገኛ ነው። ሞተር ሲጠፋ የፍሬን አጋዥ ኃይልና የመሪ አጋዥ ኃይል አብረው ይጠፋሉ። በተጨማሪም ዘመናዊ ሞተር በማርሽ ሆኖ ቁልቁለት ሲወርድ ነዳጅ መርጨቱን ስለሚያቆም የሚገኝ ቁጠባ የለም።

የሚቃጠል ሽታ ከመጣ ወይም ፔዳሉ ከለሰለሰ መኪናው በአስተማማኝ ቦታ ቆሞ ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። በጋለ ዲስክ ላይ ውሃ አይደፋም።

ብልሽት ወይም አደጋ ሲያጋጥም

መኪናው ሲበላሽ በተቻለ መጠን ከአስፋልቱ ይወጣል፤ የአደጋ መብራቱ ይበራል። ተሳፋሪዎች ከመንገዱ ርቀው ይቆማሉ እንጂ በመኪናው ውስጥ ወይም ከኋላው አይጠብቁም። አንጸባራቂው ሦስት ማዕዘን ቢያንስ በ50 ሜትር፣ በፍጥነት መንገድ ላይ ደግሞ ከዚያ በራቀ ቦታ ይቀመጣል። ለምልክት ድንጋይ መደርደር በመንገዶቻችን ላይ የቆየ ልማድ ነው። ሆኖም ድንጋዩ ብዙ ጊዜ መኪናው ከተጠገነ በኋላ በአስፋልቱ ላይ ተትቶ ይቀራል፤ ሌሊት ለሚመጣው ቤተሰብም አደጋ ይሆናል። አማራጭ ጠፍቶ ድንጋይ ያስቀመጠ ሰው ሳያነሣ መሄድ የለበትም።

የሰው ጉዳት ሲደርስ ወደ ፖሊስ በ991፣ ወደ ኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 መደወል ይቻላል። የቆሰለን ሰው እሳት ወይም ሌላ አስቸኳይ አደጋ ካልኖረ በቀር ከቦታው ማንቀሳቀስ የአከርካሪ ጉዳቱን ሊያባብስ ይችላል። ደም የሚፈሰውን ቁስል በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ መያዝ ግን ማንም ሊያደርገው የሚችልና ሕይወት የሚያድን ተግባር ነው።

የዝግጅቱ የጊዜ ሰሌዳ በአጭሩ

ከሁለት ሳምንት በፊት፦ ፍሬንና የፍሬን ዘይት፣ ራዲያተርና ክዳኑ፣ ቱቦና ቺንጋ፣ ባትሪ፣ የጎማ ዕድሜና ጥርስ በጋራዥ ይታያሉ።

ከአንድ ሳምንት በፊት፦ ሰነዶች ይጣራሉ፤ የጎደሉ የአደጋ ጊዜ ዕቃዎች ይገዛሉ፤ የኋላ ቀበቶዎችና የሕፃን መቀመጫ ይሞከራሉ።

በዋዜማው፦ ነዳጅ ይሞላል፤ ዕቃ ተመዝኖ ይጫናል፤ አሽከርካሪው በጊዜ ይተኛል።

በመነሻው ማለዳ፦ የጎማ አየር በቀዝቃዛነቱ ይለካል፤ ዘይትና ውሃ ይታያሉ፤ መብራቶች ይሞከራሉ።

ከመመለስ በፊት፦ የመነሻው ማለዳ ምርመራ በሙሉ ይደገማል፤ የተጨመረው ጭነት ይሰላል፤ በብርሃን ይነሣል።